አንድ ትልቅ መናፈሻ ወይስ በየመንደሩ ትናንሽ የልጆች መጫወቻዎች? ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት ምን ብለን እንጠይቅ?

ጥያቄ፦ የነዋሪዎች ተወካይ

ጤና ይስጥልኝ። የአካባቢያችን አስተዳደር በሚቀጥለው የበጀት ዓመት የሕዝብ መናፈሻና የልጆች መጫወቻ ለመሥራት ገንዘብ የያዘ ሲሆን፣ ነዋሪውን ወክለው ጉዳዩን እንዲከታተሉ ከተመረጡት የኮሚቴ አባላት አንዱ እኔ ነኝ። ለምክክር በተጠራንበት የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ የቀረበልን ግን ተሠርቶ ያለቀ ንድፍ ነበር፤ መሀሉ ላይ ፏፏቴ፣ ዙሪያውን በደማቅ ቀለም የተቀቡ ሸርተቴዎችና ዥዋዥዌዎች፣ ጥጉ ላይ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ይታያል። አስተያየት ስጡ በተባልን ጊዜም ውይይቱ የአግዳሚ ወንበሮቹ ቀለም ምን ይሁን ከሚለው ብዙም ሳያልፍ ሰዓቱ አለቀ።

ቦታው ከመኖሪያ መንደሮቹ ዳር፣ ከዋናው መንገድ ማዶ የሚገኝ ሰፊ ባዶ መሬት ነው። ለምን እንደተመረጠ ስንጠይቅ የካሳም ሆነ የይገባኛል ጥያቄ የማይነሳበት የመንግሥት ይዞታ በመሆኑ ሥራው ቶሎ ይጀመርበታል የሚል መልስ ተሰጠን። ከኮሚቴው አባላት ግማሾቻችን ገንዘቡ በየመንደሩ ውስጥ ባሉ ክፍት ቦታዎች ላይ አራት አምስት ትናንሽ መጫወቻዎች ቢሠሩበት ይሻላል እንላለን። የቀሩት ደግሞ ትናንሾቹ ውሎ ሲያድር ባለቤት አጥተው የቆሻሻ መጣያ ይሆናሉ የሚል ሥጋት አላቸው፤ ሥጋቱንም እንዲሁ በቀላሉ የምናልፈው አይደለም።

ስለዚህ በዚህ ሥራ ውስጥ ያለፋችሁ ወይም ጉዳዩን የምታውቁ እባካችሁ በሚከተሉት ላይ ሐሳብ ስጡን። ከሁለቱ አማራጮች አንዱን ለመምረጥ የሚያገለግል፣ ከግል ፍላጎት የተሻለ መለኪያ አለ ወይ? በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ነገሩ ሳይመሽ ልንጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች የትኞቹ ናቸው? የልጆችን ደኅንነት በተመለከተስ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ንድፉን አይቶ ሊለየው የሚችለው ጉድለት ይኖራል?

መልስ 1፦ ፕላነሯ

ውድ ጠያቂ፣ አንድ ትልቅ ወይስ ብዙ ትናንሽ ወደሚለው ክርክር ከመግባታችሁ በፊት፣ ማን በእግሩ እዚያ ሊደርስ ይችላል የሚለውን ብትመልሱ ክርክሩ ግማሽ በግማሽ ይቀልላችኋል። የሦስት ዓመት ልጅ የሚጫወተው የሚያሳድገው ሰው እስከወሰደው ርቀት ድረስ ብቻ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ብቻውን መውጣት ቢጀምርም የመኪና መንገድ እንዲሻገር አይፈቀድለትም። የአሥራ አራት ዓመቱ ደግሞ ራቅ ብሎ መሄድን ራሱ ይፈልገዋል። ለሦስቱም አንድ ቦታ ይበቃል የሚል ዕቅድ፣ በተግባር የሚያገለግለው ለሦስተኛው ልጅና መኪና ላላቸው ቤተሰቦች ነው። ንድፉ ላይ ያ ሁሉ የመኪና ማቆሚያ መኖሩም ይህንኑ የሚናገር ይመስለኛል።

መለኪያ አለ ወይ ላሉት፣ አዎን አለ። በብሪታንያ የመጫወቻ ሜዳዎችን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1925 የተቋቋመውና ዛሬ ፊልድስ ኢን ትረስት የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት መጫወቻዎችን በሦስት ደረጃ ይከፍላቸዋል። ለትናንሾቹ ልጆች ቢያንስ 100 ካሬ ሜትር የሆነ ቦታ ከቤት በ100 ሜትር የእግር መንገድ ውስጥ፣ ብቻቸውን መውጣት ለጀመሩት 400 ካሬ ሜትር በ400 ሜትር ውስጥ፣ ለትልልቆቹ ደግሞ 1,000 ካሬ ሜትር በ1,000 ሜትር ውስጥ እንዲኖር ይመክራል። ቁጥሮቹ ለዚያ አገር የወጡ ናቸውና የእናንተን አስተዳደር አያስገድዱም፤ ሐሳቡ ግን የትም ቦታ የሚሠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮም በበኩሉ ከግማሽ እስከ አንድ ሄክታር የሚሆን አረንጓዴ ቦታ ከእያንዳንዱ ቤት ቢበዛ በ300 ሜትር ቀጥተኛ ርቀት ላይ እንዲገኝ ሐሳብ ያቀርባል። ሁለቱ መለኪያዎች የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር መሆኑን ልብ ይበሉ፤ አንደኛው ስለ መጫወቻ ነው፣ ሌላኛው ዛፍና ጥላ፣ መራመጃና ማረፊያ ስላለው መናፈሻ። በስብሰባው ላይ ሁለቱ እንደ አንድ ነገር ሲነገሩ ዝም ካላችሁ አንዱ በሌላው ስም ይዋጣል።

በካርታ ላይ በኮምፓስ የሚሳል ክብ አታላይ ነው። ከቦታው 150 ሜትር ብቻ የሚርቅ ቤት፣ በመካከሉ መሻገሪያ የሌለው ፈጣን መንገድ ካለ፣ ለልጅ የማይደረስበት ቦታ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ካርታውን አትማችሁ፣ ከራቁት ቤቶች በር ጀምሮ በልጅ እርምጃ ሂዱና መሻገሪያው፣ የእግረኛ መንገዱ የሚቋረጥበት ቦታና መብራት የሌለበት ጥግ የት የት እንደሆነ ምልክት አድርጉበት። ያ ካርታ ከማንኛውም ንግግር ይልቅ ሰሚ ያገኛል፤ ምክንያቱም የቀረበውን ዕቅድ አልወደድነውም ሳይሆን ይህን ያህል ቤት አያገለግልም የሚል መልእክት የያዘ ነው።

ትናንሽ መጫወቻዎችን በብዛት በመሥራት በኩል ሁልጊዜ የሚጠቀሰው አምስተርዳም ነው። አርክቴክቱ አልዶ ቫን አይክ ከ1947 እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ለከተማይቱ ከ700 በላይ መጫወቻዎችን ነደፈ፤ አብዛኞቹም በየሰፈሩ አደባባይ ላይ፣ በፈረሱ ቤቶች መካከል በቀሩ ክፍተቶችና ለሌላ ነገር በማይሆኑ ጠባብ ቦታዎች ላይ የተሠሩ ነበሩ። የአሸዋ ገንዳ፣ የብረት መገልበጫ ዘንግ፣ መረማመጃ የድንጋይ ክቦች፣ ጥቂት ዛፍና አግዳሚ ወንበር፤ ከዚያ ብዙም አያልፉም። ጥቂት ዓይነት ጠንካራ ዕቃዎች በተለያየ አቀማመጥ ስለተደጋገሙ ወጪው ቀለለ። ሌላው ቁም ነገር ደግሞ ነዋሪዎች ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ እየጻፉ ለእኛም ሰፈር ይሠራልን ማለት መጀመራቸው ነው። ይሁንና አብዛኞቹ ዛሬ የሉም፤ መሬቱ ለሌላ ሥራ ሲፈለግ ተነሥተዋል።

ይህም ወደ መሬቱ ጉዳይ ይወስደኛል። ስለተመረጠው ሰፊ ቦታም ሆነ እናንተ ስላሰባችኋቸው ትናንሽ ክፍተቶች በጸደቀው ፕላን ላይ በአረንጓዴ ቦታነት ወይም በመዝናኛ ቦታነት ተመዝግበዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ባዶ ቦታ ስለሆነ ብቻ ለመጫወቻ የተሰጠ መሬት፣ ባዶ ተብሎ ስለተቆጠረ ብቻ ነገ ለሌላ ይሰጣል። ከዚያም እስከ ዛሬ ለምን ባዶ ቀረ ብላችሁ አጣሩ። ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ያልፍበታል? የጎርፍ መውረጃ ነው? ቀድሞ ጋራዥ ወይም የቆሻሻ መድፊያ ነበር? እንዲህ ከሆነ ልጆች አፈሩን በእጃቸው የሚነኩት ስለሆነ፣ ለእርሳስና ለመሰል ብረቶች የአፈር ምርመራ ሳይደረግ ሥራ መጀመር የለበትም። የይገባኛል ጥያቄ አለመኖሩ ለግዥ ክፍሉ መልካም ዜና ነው፤ መሬቱ ለልጅ የሚሆን መሆኑን ግን አያሳይም።

መልስ 2፦ የጥገና ሰው

ከላይ የተባለው ትክክል ቢሆንም፣ ከኮሚቴያችሁ አባላት ትናንሾቹ ቆሻሻ መጣያ ይሆናሉ ያሉትን አቅልላችሁ አትዩአቸው። በመናፈሻ ጥገና ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ። ትናንሽ ቦታዎች የሚበላሹት ትንሽ ስለሆኑ ሳይሆን፣ በአንድም ሠራተኛ የሥራ ዝርዝር ላይ በስማቸው ሳይመዘገቡ ስለሚቀሩ ነው። አንድ ትልቅ መናፈሻ ጥበቃም አትክልተኛም ይመደብለታል፤ አምስት ትናንሽ ቦታዎች ግን ተዘዋዋሪ ቡድን፣ ተሽከርካሪና ነዳጅ ይፈልጋሉ። ይህ ወጪ በካፒታል በጀቱ ውስጥ የለም። ግንባታው በካፒታል በጀት ይጸድቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በመደበኛ በጀት ይሸፈናል ተብሎ ይታለፋል፤ የመደበኛ በጀቱ ባለቤት የሆነው ክፍል ግን ብዙ ጊዜ በስብሰባው ላይ እንኳን አልተጠራም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚባለው ለዚህ ነው። በሁለተኛው ስብሰባ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ ርክክብ ከተፈጸመ ማግስት ጀምሮ ቦታውን የሚረከበው የትኛው ክፍል ነው፣ የተመደበለት ሠራተኛስ ስንት ነው?

ደኅንነትን በተመለከተ አንድ ነገር ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ዥዋዥዌ ወዳለበት ሂዱና ከመቀመጫው ሥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ልጆቹ ለመግፋትም ለማቆምም እግራቸውን የሚያሹበት ቦታ ላይ አሸዋው ወደ ጎን ተገፍቶ ጎድጓዳ ሠርቷል፤ በጎድጓዳው ታችም የሚታየው የጠነከረ መሬት ነው። ዳርና ዳሩ ላይ አሸዋው እንደ ተደለደለ ነው፤ የሳሳው ልጁ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ነው። ዝናብ ሲጥል ውኃ ይቋጥራል፣ ከደረቀ በኋላም ይበልጥ ይጠነክራል። ለዚህ ነው ኢኤን 1176 የሚባለው የአውሮፓ የመጫወቻ ዕቃዎች ደረጃ አሸዋም ይሁን የእንጨት ስብርባሪ ሲነጠፍ፣ ለውድቀቱ ከሚያስፈልገው ውፍረት በላይ ለሚበተነው 100 ሚሊ ሜትር እንዲጨመርበት የሚጠይቀው። እስከ 2 ሜትር ለሚደርስ ውድቀት 200 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል ከተባለ፣ የሚነጠፈው 300 ነው ማለት ነው። ይህም ቢሆን በየጊዜው ወደ ቦታው እየተመለሰ ካልተስተካከለ ዋጋ የለውም።

ሰንሰለቱንም እንዲሁ። ከታች ሆኖ ለሚያየው ደህና ይመስላል፤ የሚበላው ግን ከላይ፣ የመጀመሪያው ቀለበት በመንጠቆው ላይ በሚንጠለጠልበት በውስጠኛው በኩል ነው። መሰላል ያልያዘ ተቆጣጣሪ አያየውም። በደንብ የሚሠራ አስተዳደር ሦስት ዓይነት ምርመራ ያደርጋል፦ የተሰበረ ጠርሙስና የተፈታ ብሎን የሚታይበት የዘወትር ቅኝት፣ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ የመበላሸት ምልክት የሚፈተሽበት ምርመራ፣ እንዲሁም በዓመት አንድ ጊዜ መሠረቱና ብየዳው ሳይቀር የሚታይበት ዋና ምርመራ። የምርመራው መዝገብ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚፈርም ጠይቁ።

ንድፉን አይታችሁ ልትለዩአቸው የምትችሏቸው ጉድለቶችም አሉ። ልጅ በሚወጣበትና በሚንሸራተትበት ዕቃ ሁሉ ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ባዶ የመውደቂያ ቦታ አለ ወይ፤ ዕቃው ከፍ ባለ መጠን ይህም ይሰፋል። በዚህ ክልል ውስጥ አግዳሚ ወንበር፣ የዛፍ መደብ ወይም የድንጋይ ጠርዝ ከታየ ስሕተት ነው። ዥዋዥዌው ልጆች ከበሩ ሮጠው በሚገቡበት መንገድ ላይ ከተቀመጠ ቦታው ይቀየር። የብረት ሸርተቴ ከቀትር በኋላ ያለው ፀሐይ ፊት ለፊት በሚመታው አቅጣጫ ከሆነ፣ በጣም በሚሞቅበት ሰዓት ማንም አይወጣበትም፤ ከወጣበትም ይቃጠላል። በዚሁ የአውሮፓ ደረጃ መሠረት ምንም ዓይነት ዕቃ ከ3 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ነጻ ውድቀት እንዲኖረው አይፈቀድም። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የጭንቅላት መቀርቀር ነው፤ አንድ ክፍተት የልጅን ገላ አሳልፎ ጭንቅላቱን የሚይዝ ከሆነ ልጁ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በመሆኑም ከፍ ባለ ቦታ ላይ ያሉ የተከበቡ ክፍተቶች ወይ ከ89 ሚሊ ሜትር የጠበቡ ወይ ከ230 የሰፉ እንዲሆኑ ነው የሚፈለገው። በአካባቢ ብየዳ ቤት ተሠርተው የሚመጡ መሰላሎችና መከላከያዎች ላይ አዘውትሬ ያየሁት ጉድለት ይህ ነው።

ስለ ፏፏቴው ምንም ማለት ባልፈልግም፣ ፓምፕ የመብራት ክፍያና ንጹሕ ውኃ እንደሚፈልግ፣ ቀድሞ የሚደርቀውም እርሱ እንደሆነ ሳልናገር አላልፍም። በዚያ ገንዘብ የመጠጥ ውኃ ቧንቧና መጸዳጃ ቤት ይሠራል፤ መጸዳጃ የሌለው መናፈሻ የግማሽ ሰዓት መናፈሻ ነው።

መልስ 3፦ እናት

ሁለታችሁም ስለ ርቀትና ስለ ጥገና የጻፋችሁት ጠቅሞኛል፤ እኔ የምጨምረው ከበሩ በኋላ ስላለው ነው። ልጄ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሰው። አዳዲስ መናፈሻዎች በር ላይ ሁልጊዜ የሚያምር መወጣጫ አላቸው፤ ከመወጣጫው አምስት ሜትር ገባ እንዳላችሁ ግን አሸዋው ይጀምራል። ልቅ አሸዋ ላይ የወንበሩ የፊት ጎማ ይቀበራል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ሌሎቹን መመልከት ነው። በንድፉ ላይ ጠንካራው ንጣፍ ከበሩ ተነሥቶ ወደ ዕቃዎቹ ሳይቋረጥ መድረሱን በጣታችሁ ተከትላችሁ እዩ። ቁልቁለቱ በየ20 ሜትሩ ከ1 ሜትር የማይበልጥ ቢሆን አጋዥ የሌለው ልጅም በራሱ ይሄዳል። መደገፊያ ያለው ዥዋዥዌ ከተገዛ ደግሞ ከሌሎቹ ዥዋዥዌዎች ጎን ይተከል እንጂ "የአካል ጉዳተኞች" የሚል ምልክት ተለጥፎበት ብቻውን ጥግ ላይ አይቁም።

በዚሁ አጋጣሚ የሴት ልጆች ጉዳይ እንዳይረሳ። የቪየና ከተማ አስተዳደር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ባስጠናው ጥናት ሴት ልጆች ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ከመናፈሻዎች እየቀነሱ እንደሚሄዱ፣ ወንዶቹ ግን እንደሚቆዩ ታየ። ሰፊው ሜዳ አንድ ብቻ ሲሆን ኳስ የያዙት ይወርሱታል፤ ሴቶቹ ቦታ ለማግኘት መሻማት ስላለባቸው ትተው ይወጣሉ። ስለዚህ በማርጋሬተን ወረዳ ሁለት መናፈሻዎች ከ1999 ጀምሮ እንደገና ሲቀረጹ፣ ሜዳው ወደ ተለያዩ ክፍሎች ተከፈለ፣ መራመጃዎች ተጨመሩ፣ ለመረብ ኳስና ለባድሚንተን ቦታ ተሰጠ፤ ሴት ልጆቹም ተመለሱ። እዚህ ላይ አዲስ የተገዛ ውድ ዕቃ የለም፤ የተቀየረው የቦታው አከፋፈል ነው። ከእናንተ ንድፍ ላይ ስንት መግቢያ እንዳለና ተቀምጦ ማውራት የሚቻልበት፣ ከዋናው መንገድ የሚታይ ጥግ መኖሩን ብታዩ ጥሩ ነው።

መልስ 4፦ ተቃራኒ ሐሳብ ያለው

በመልስ 2 ላይ የተዘረዘረውን ሁሉ የሚያሟላ መጫወቻ ቢሠራ ልጆች በአሥር ደቂቃ ውስጥ እንደሚሰለቹት ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1943 በኮፐንሃገን አቅራቢያ በኤምድሩፕ የዴንማርኩ የአትክልት ቦታዎች አርክቴክት ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን ያሰበው መጫወቻ ሲከፈት፣ በውስጡ የነበረው ሳንቃ፣ ጡብ፣ ሚስማርና መዶሻ ነበር። ሐሳቡን ያገኘውም እርሱ ከነደፋቸው ከተዋቡት ሜዳዎች ይልቅ ልጆች በግንባታ ቦታዎችና በቆሻሻ ክምሮች ውስጥ መጫወት እንደሚመርጡ በማየቱ ነው። ከዚያ ወደ ብሪታንያና ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፍቷል። አስተዳደሩ ከካታሎግ ላይ መርጦ የሚገዛውን የፕላስቲክ ግንብ ትቶ የአፈር ጉብታ፣ የተጋደመ የዛፍ ግንድ፣ ውኃና አሸዋ ቢያዘጋጅ ከወጪም ከጨዋታም አንጻር ይሻላል። ደኅንነት ማለት አደጋ የሌለበት ቦታ መሥራት ከሆነ፣ ልጆች ከፍታን የሚለምዱት የት ነው?

መልስ 5፦ የጥገና ሰው

ወንድሜ፣ ከሐሳቡ ጋር ጸብ የለኝም። ነገር ግን ልጁ የሚያየውንና የማያየውን አደጋ እንለይ። ጉብታው ከፍ ያለ መሆኑን ልጁ ያያል፣ ይመዝናል፣ ፈርቶም ደፍሮም ይወጣል፤ ይህ ጨዋታ ነው። የተበላ ሰንሰለት፣ በሣር የተሸፈነ የብረት ጉቶ፣ ጭንቅላት የሚቀረቅር ክፍተት ግን ማንም ልጅ ሊመዝነው የማይችል ወጥመድ ነው፤ ደረጃው የወጣውም ይህን ለማስወገድ እንጂ ጉብታውን ለመከልከል አይደለም። በኤምድሩፕም ቢሆን መዶሻው ብቻውን አልነበረም፤ ከልጆቹ ጋር የሚውል፣ ለዚሁ ሥራ የተቀጠረ ሰው ነበር። አስተዳደሩ ያን ሰው የሚቀጥር ከሆነ እኔም ሳንቃውን አመጣለሁ። የማይቀጥር ከሆነ ግንዱና ጉብታው ይበቃል። ግንዱም ቢሆን እንዳይንከባለል ይተከል፤ መበስበሱም በዋናው ምርመራ ይታይ።

የጠያቂው ምላሽ፦ የነዋሪዎች ተወካይ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእግር መንገዱን ካርታ መሥራት ጀምረናል፤ ከዋናው መንገድ ወዲህ ካሉት መንደሮች አብዛኞቹ ለተመረጠው ቦታ መሻገሪያ እንደሌላቸው ከወዲሁ ታይቷል። ከአስተዳደሩ በኩል ያነጋገርናቸው ኃላፊ ግን ንድፉ ተከፍሎበት የተሠራ በመሆኑ ከእንግዲህ ወደ ኋላ መመለስ እንደማይቻል፣ ቦታው ይቀየር ካልን በጀቱ ሳይሠራበት ዓመቱ አልቆ ተመላሽ ሊሆን እንደሚችል ነግረውናል። ይህ እውነት ከሆነ የያዝነውን ማጣትም አንፈልግም። ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥ ውጭ መንገድ አለ? ልጆቹን ራሳቸውንስ እንዴት እንጠይቅ? ስብሰባ ብንጠራቸው ምን እንደሚሉ መገመት አያቅትም።

መልስ 6፦ ፕላነሯ

በጀቱ ይመለሳል የሚለው ሥጋት እውነት ሊሆን ስለሚችል በግንባር አትግጠሙት። የተሻለው መንገድ ፕሮጀክቱን በምዕራፍ እንዲከፈል መጠየቅ ነው። ትልቁ ቦታ በዚህ ዓመት በአጥር፣ በዛፍ ተከላ፣ በመራመጃና በመጸዳጃ ይጀመር፤ ዛፍ ለማደግ ዓመታት ስለሚወስድበት ቀድሞ መተከሉ በራሱ ትርፍ ነው። የፏፏቴውና የመኪና ማቆሚያው ግማሽ ወጪ ደግሞ በመንደሮቹ ውስጥ ለሁለት ትናንሽ መጫወቻዎች ይዙር። አምስት አትጠይቁ። ሁለቱ በደንብ ተይዘው ከታዩ ሦስተኛውን ለማስፈቀድ ክርክር አያስፈልጋችሁም፤ አምስቱም በአንድ ጊዜ ተሠርተው ሁለቱ ከተበላሹ ግን ለተቃራኒው ወገን ማስረጃ ታቀብላላችሁ። ለሁለቱ የምትመርጡት ቦታ የቤቶች መስኮትና በር የሚያያቸው፣ ሰው ለሌላ ጉዳይም የሚያልፍባቸው ይሁኑ። ከቤቶቹ ግድግዳ ጋር ግን አይጣበቁ፤ ቅድም የጠቀስኩት የብሪታንያ ድርጅት ለመካከለኛው ደረጃ መጫወቻ ከቤቶቹ ቢያንስ 20 ሜትር እንዲርቅ ይመክራል። ጫጫታ የሰለቸው ጎረቤት መጫወቻውን ለማስነሣት ከማንም በላይ የሚተጋ ሰው ነውና ይህን አትናቁት።

የልጆቹን ነገር በተመለከተ፣ ስብሰባ ብትጠሯቸው የመዋኛ ገንዳና የእግር ኳስ ስታዲየም እንደሚሉ የታወቀ ነው፤ ጥፋቱ ግን የልጆቹ ሳይሆን የአጠያየቁ ነው። ምን እንዲሠራላቸው እንደሚፈልጉ ከመጠየቅ ይልቅ አሁን የት እንደሚጫወቱ አሳዩን በሏቸው። ከእነርሱ ጋር ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። የትኛው ግድግዳ ላይ ኳስ እንደሚመቱ፣ የትኛው ዛፍ ሥር እንደሚቀመጡ፣ ማን እንደሚያባርራቸው፣ የትኛውን መንገድ እንደሚፈሩ ያሳዩአችኋል። ሴቶቹንና ወንዶቹን፣ ትናንሾቹንና ትልልቆቹን ለየብቻ አድርጉ፤ አለበለዚያ የሚናገሩት ትልልቆቹ ወንዶች ብቻ ይሆናሉ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 የልጆችን የመጫወት መብት፣ አንቀጽ 12 ደግሞ በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸው እንዲሰማ ያላቸውን መብት የሚደነግግ ስለሆነ፣ ይህን ማድረጋችሁ ትርፍ ሥራ ነው የሚል ኃላፊ ከገጠማችሁ ልትጠቅሱት ትችላላችሁ።

ምክክሩ ለይስሙላ እንዳይቀር ደግሞ በቃለ ጉባኤው ላይ ነዋሪው ያቀረበው እያንዳንዱ ሐሳብ ተቀባይነት ማግኘቱ ወይም አለማግኘቱ፣ ያላገኘም ከሆነ ምክንያቱ እንዲሰፍር ጠይቁ። አልተቀበልነውም ማለት መብታቸው ነው፤ ምክንያቱን ሳይጽፉ ማለፍ ግን ልማድ መሆን የለበትም። የጥገና ክፍሉ ኃላፊ በሁለተኛው ስብሰባ ላይ እንዲገኙም ከአሁኑ በደብዳቤ አሳስቡ፤ የጥገና ሰው እንዳሉት ካልተጠሩ አይመጡም።

የመሻገሪያው ጉዳይ ከሁሉም ሊቀድም ይገባል። ትልቁ ቦታ እንደሚሠራ የማይቀር ከሆነ፣ የእግረኛ መሻገሪያና የፍጥነት መቀነሻ ከመናፈሻው ጋር አብሮ እንዲሠራ በዚሁ ፕሮጀክት ዝርዝር ውስጥ ይግባ። መንገዱ የሌላ መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ነው እንደምትባሉ እርግጠኛ ነኝ፤ ስለዚህ ለዚያ መሥሪያ ቤት የሚጻፈው የትብብር ደብዳቤ ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ይውጣ፣ ግልባጩም ለኮሚቴያችሁ ይድረስ። ጨረታው ከወጣ በኋላ የሚመጣ መሻገሪያ ተጨማሪ ሥራ ተብሎ ስለሚቆጠር አዲስ ማጽደቂያ ይፈልጋል፤ መናፈሻው ተመርቆ ልጆች መሻገር ከጀመሩ በኋላ ደግሞ ማጽደቂያው እስኪመጣ የሚጠብቅ ልጅ የለም።